የኋሊት የሚፈስ ውኃ፦ የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃና የመጠጥ ውኃ ደኅንነት ታሪክ



ንግግሬን የምጀምረው ብዙዎቻችሁ በምታውቁት ድምፅ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው፣ ውኃ ሲጠፋ ቧንቧው የሚያሰማውን ድምፅ አይረሳም። ቧንቧው ሲከፈት ጠብታ አይወርድም፤ ይልቁንም እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ነገር ወደ ውስጥ ይስባል። ልጅ ሳለሁ ጣቴን በቧንቧው አፍ ላይ አድርጌ ሲስበኝ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ትቆጣኛለች፤ የምትቆጣው ግን ቧንቧውን ከፍቼ እንዳልረሳውና ውኃው ሌሊት ሲመጣ ቤቱን እንዳያጥለቀልቀው ሰግታ ነው። ያ ቧንቧ አየር ብቻ ሳይሆን አፉ የተነከረበትን ማናቸውንም ነገር ሊስብ እንደሚችል እርሷም እኔም አናውቅም ነበር። ይህን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የከተሞችን የውኃ ታሪክ ማጥናት ስጀምር ነው።

የመጠጥ ውኃ ደኅንነት ታሪክ በመማሪያ መጻሕፍት ሲተረክ ብዙውን ጊዜ አንድ መልክ አለው። በ1854 ዓ.ም. ጆን ስኖው በለንደን የብሮድ ስትሪት የውኃ መሳቢያ የኮሌራ ምንጭ መሆኑን አመለከተ፤ ከዚያ ውኃን በአሸዋ ማጣራት ተስፋፋ፤ በ1908 ዓ.ም. በአሜሪካ የጀርዚ ሲቲ ከተማ ውኃ ያለማቋረጥ በክሎሪን መታከም ጀመረ፤ ታይፎይድም እየቀነሰ ሄደ። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ታሪክ እውነት ነው። ነገር ግን አደጋውን ሁልጊዜ ከመነሻው፣ ከምንጩና ከወንዙ ላይ ያስቀምጠዋል። ውኃው አንድ ጊዜ ከጠራ በኋላ ቧንቧው ዝም ብሎ መንገድ ነው፤ ንጹሑን ይዞ ወደ ቤታችን ይመጣል ማለት ነው። እኔ ዛሬ የምከራከረው ከዚህ ግምት ጋር ነው። ቧንቧ መንገድ ከሆነ የሁለት አቅጣጫ መንገድ ነው። ውኃው ወደ እኛ እንዲመጣ የሚያደርገው ግፊት ብቻ ነው፤ ግፊቱ ሲገለበጥ ውኃውም ይገለበጣል። ይህንንም ከማንም በላይ የሚያሳየን በከተማ መንገድ ዳር ቆሞ የምናየው፣ ሃይድራንት የምንለው የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ነው።

ስለ ዕቃው አመጣጥ ጥቂት ልበል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ዋና የውኃ መስመሮች ውስጣቸው የተቦረቦረ የኤልም ዛፍ ግንዶች ነበሩ። እሳት ሲነሣ ሰዎች መንገዱን ቆፍረው ግንዱን ይደርሱበትና በመሰርሰሪያ ይበሱታል፤ ውኃው ጉድጓዱን ሲሞላ በባልዲ ይቀዳሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቀዳዳው በእንጨት ውታፍ ይደፈናል፤ ሌላ ጊዜም እንዲገኝ ቦታው ምልክት ይደረግበታል። በአሜሪካ አንዳንድ ሰው ዛሬም ሃይድራንቱን «የእሳት ውታፍ» በሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠራዋል፤ ቃሉ የመጣው ከዚህ ነው። እስቲ ያን ጉድጓድ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ፈረስና ከብት የሚመላለስበት፣ ፍሳሽ በግልጽ የሚወርድበት መንገድ መካከል ነው። የውኃ ኩባንያዎቹ ደግሞ ውኃ የሚለቁት በቀን ለጥቂት ሰዓታት ነበር። መስመሩ ባዶ ሲሆንና ውታፉ በደንብ ካልገጠመ፣ በጉድጓዱ ያቆረው ውኃ ወደየት እንደሚሄድ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ከመሬት በላይ ቆሞ የሚታየው ሃይድራንት የፊላደልፊያ ልጅ ነው። ያቺ ከተማ በ1793 ዓ.ም. በቢጫ ወባ 5,000 ያህል ሰው አጥታ ነበር። በሽታው በትንኝ እንደሚተላለፍ የሚያውቅ ስላልነበረ ሕዝቡ ጥፋቱን በቆሻሻ ላይ አደረገ፤ ንጹሕ ውኃ መንገዱን ያጥባል፣ ጉሮሮን ያርሳል፣ እሳትንም ያጠፋል ተብሎ በ1801 ዓ.ም. የከተማው ውኃ ሥራ ተከፈተ። ምክንያቱ የተሳሳተ፣ ውጤቱ ግን መልካም ከሆኑ የታሪክ ውሳኔዎች አንዱ ነው። የቋሚው ሃይድራንት ፈጠራ በልማድ የሚሰጠው የዚያ ውኃ ሥራ መሐንዲስ ለነበረው ለፍሬድሪክ ግራፍ ነው። ይህን በመዝገብ ማረጋገጥ የማይቻልበት ምክንያት እኔን ሁልጊዜ ያስፈግገኛል፦ በ1836 ዓ.ም. በዋሽንግተን የፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤቱ ተቃጥሎ ሰነዶቹ አብረው ወደሙ። የእሳት ማጥፊያው የትውልድ ወረቀት በእሳት ጠፋ ማለት ነው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር የፈጣሪው ማንነት አይደለም። በፊላደልፊያም ሆነ እርሷን በተከተሉት ከተሞች የተወሰነው ውሳኔ ነው፦ የሚጠጣውና እሳት የሚያጠፋው ውኃ በአንድ ቧንቧ ይሂድ። ለምን ሁለት ጊዜ መቆፈር? ለምን ሁለት ጊዜ ብረት መግዛት? በቁጠባ ረገድ መልስ የሌለው ክርክር ነው። ነገር ግን ሁለቱ ተጠቃሚዎች ጠባያቸው የተለያየ ነው። የቤት ቧንቧ በደቂቃ 10 ሊትር ቢሰጥ ባለቤቱ ይበቃዋል። አንድ ሃይድራንት ግን በደቂቃ 1,000 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 3,800 ሊትር ሊወስድ ይችላል። አንድ ሃይድራንት ሲከፈት በአካባቢው ወደ 380 የሚጠጉ የቤት ቧንቧዎች በአንድ ቅጽበት እንደ ተከፈቱ ነው። በቁልቁለቱ ያለው ሃይድራንት ውኃውን ሲጎትት፣ በዳገቱ ላይ ባሉት ቧንቧዎች ግፊቱ ይወርዳል፤ ከዚያም ከአየሩ ግፊት በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቧንቧው መስጠት ትቶ መሳብ ይጀምራል። ከበርሜል ነዳጅ በጎማ የሳበ ሰው ሁሉ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል፤ አንዴ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሳይገፋው ይፈሳል። እኔ ለዚህ «የኋሊት ምጠት» የሚለውን ስም እጠቀማለሁ።

የኋሊት ምጠት በሽታ እንደሚያመጣ መጀመሪያ በግልጽ ካሳዩት ምርመራዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ነው። በ1873 ዓ.ም. በኪይስ ኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ታይፎይድ ተነሣ። አስገራሚው ነገር በሽታው የበረታው በአሮጌው ክፍል ሳይሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት በተሠራው አዲስ ሕንፃ መሆኑ ነው። በመንግሥት የተላከው ሐኪም ጆርጅ ቡካናን የሕንፃውን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ተከታተለ። ለመጸዳጃ ቤቶቹ ውኃ የሚሰጡት ቧንቧዎች በመካከል ማጠራቀሚያ ሳይኖር በቀጥታ ከዋናው መስመር ጋር ተያይዘው አገኘ። ዋናው ውኃ ሲቋረጥ መስመሩ ከመጸዳጃው ወደ ራሱ ይስብ ነበር። ዘመናዊነቱ ራሱ ነበር በሽታውን ያስገባው። ቡካናን ይህን ሪፖርት ሲጽፍ የታይፎይድ ባክቴሪያ ገና በማይክሮስኮፕ አልታየም ነበር።

በቺካጎ በ1933 ዓ.ም. የሆነውን በአጭሩ ላንሣው። ከተማዋ ዓለም አቀፍ ትርኢት አዘጋጅታ ነበር፤ ውኃዋም በክሎሪን የታከመ ነበር። ሆኖም በሁለት ሆቴሎች ውስጥ የፍሳሽና የመጠጥ ቧንቧዎች በተበላሸ ሥራ ተገናኝተው ከ1,400 በላይ ሰዎች በአሜባ ተቅማጥ ታመሙ፤ 98 ሞቱ። እንግዶቹ ወደየአገራቸው ከተመለሱ በኋላ ስለ ታመሙ በየከተማው ያሉ ሐኪሞች አንዳንዶቹን የትርፍ አንጀት ሕመም ነው ብለው ቀዶ ሕክምና አደረጉላቸው። ከዚህ በኋላ በአሜሪካ የሕንፃ ቧንቧ ሕጎች ጠበቁ። ነገር ግን ትኩረቱ በሕንፃ ውስጥ ነበር። መንገድ ዳር ያለውን ሃይድራንት ገና ማንም እንደ በር አላየውም ነበር።

አሁን ብዙ ጊዜ ልሰጠው ወደምፈልገው ታሪክ ልግባ። ቦታው የማሳቹሴትስ ግዛት ዉስተር ከተማ፣ ጊዜው 1969 ዓ.ም. ነው። ሆሊ ክሮስ ኮሌጅ ሴንት ጄምስ በሚባል ኮረብታ ላይ የተሠራ የካቶሊክ ኮሌጅ ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ በነሐሴ ወር ትምህርት ሳይጀመር ተሰብስቦ በሙቀት ልምምድ ያደርግ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ገደማ ተጫዋቾቹ ድካም፣ ማቅለሽለሽና ትኩሳት ይሰማቸው ጀመር፤ ከዚያም የአንዳንዶቹ ዓይን ቢጫ ሆነ፤ እኛ አገር የወፍ በሽታ የምንለው ነው። ምርመራ ተደርጎ ከ97 ተጫዋቾችና አሠልጣኞች መካከል 90ዎቹ በጉበት ብግነት እንደ ተያዙ ተነገረ። ቡድኑ ሁለት ግጥሚያ ብቻ አድርጎ የቀሩትን ስምንት ሰረዘ።

የጤና መርማሪዎቹ የጠየቁት ጥያቄ ለታሪክ ተማሪም ትምህርት ይሆናል። ተጫዋቾቹ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በአንድ አዳራሽ ይበሉ ነበር፤ ሌሎቹ ግን አልታመሙም። ስለዚህ ምግቡ አይደለም። ቡድኑ ለብቻው የሚጠቀመው ምንድን ነው? የልምምድ ሜዳው ውኃ። ይሁን እንጂ ዘግይተው የመጡት የአንደኛ ዓመት ተጫዋቾች ያንኑ ውኃ ጠጥተው ደኅና ነበሩ። ስለዚህ ውኃው ሁልጊዜ የተበከለ አልነበረም፤ የተበከለው ለአጭር ጊዜ፣ እነርሱ ከመምጣታቸው በፊት ነው። የበሽታውን የመደበቂያ ጊዜ ወደ ኋላ ሲቆጥሩ በነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ ደረሱ።

ሜዳው ዳር ከመሬት በታች የሣር ማጠጫ ቧንቧ መክፈቻዎች የተቀመጡባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ነበሩ። በአቅራቢያው ባለ ቤት የሚኖሩ ልጆች በሙቀቱ ጊዜ በዚያ በሚያቁር ውኃ ይጫወቱ ነበር፤ ከልጆቹም መካከል የጉበት ብግነት የያዛቸው ነበሩ። ይህ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ውኃ ከቧንቧ ወደ ጉድጓድ ይወጣል እንጂ ከጉድጓድ ወደ ቧንቧ እንዴት ይገባል? መልሱ የተገኘው ከእሳት አደጋ መዝገብ ነው። ነሐሴ 29 ቀን ከኮረብታው በታች ባለ መንገድ አንድ ቤት ተቃጥሎ ነበር። እሳት አጥፊዎቹ ሃይድራንቶቹን ከፈቱ፤ ግፊቱ ወረደ፤ በኮረብታው ላይ ያለው መስመር በጉድጓዱ ያቆረውን የልጆቹን ውኃ ሳበ። እሳቱ ጠፍቶ ግፊቱ ሲመለስ፣ ያው ውኃ ወደ ሜዳው መጠጫ ሄደ። በሙቀቱ የደከሙት ወጣቶችም ጠጡ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛ ስፈልግ አንድም አላገኝም። ልጆቹ ተጫወቱ፤ እሳት አጥፊዎቹ ቤት አዳኑ፤ አሠልጣኞቹ ልጆቻቸው ውኃ እንዲጠጡ አደረጉ። ሁሉም ትክክለኛውን ሠርተው ነበር። ስሕተቱ ከእነርሱ ሁሉ በፊት፣ ማጠጫው ከመሬት በታች ሲቀበርና መመለሻ መከልከያ ሳይደረግበት ሲቀር የተሠራ ነው፤ ምናልባትም ሠሪው ከብዙ ዘመን በፊት ጡረታ ወጥቷል። የመሠረተ ልማት ታሪክ የሚከብደው በዚህ ነው፤ ድርጊቱና ውጤቱ በአንድ ትውልድ ውስጥ አይገናኙም።

ምንጭን ስለ መፈተሽም አንድ ነገር ልጨምር። በ1969 ዓ.ም. ሐኪሞቹ የቫይረሱ መመርመሪያ አልነበራቸውም፤ የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው በ1973 ዓ.ም. ነው። እነርሱ የለኩት ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምሩትን ንጥረ ነገሮች ነበር። ተቀምጦ የቆየው የተጫዋቾቹ ደም በአዲሱ ዘዴ እንደገና ተመርምሮ ውጤቱ በ1985 ዓ.ም. ታተመ። በሽታው በእርግጥ ሄፓታይተስ ኤ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ነገር ግን ዓይናቸው ሳይቢጭ በደም ልኬት ብቻ ታመሙ የተባሉት ብዙዎቹ በእርግጥ ተይዘው ስለ መሆናቸው ጥያቄ ተነሣ። ስለዚህ «ከ97ቱ 90» የሚለውን ቁጥር ስትጠቅሱ የ1969ኙ ግምት መሆኑን አብራችሁ ጥቀሱ። የውኃው መንገድ ግን አልተለወጠም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መሳብ ነው። ሃይድራንት ሌላም መንገድ አለው፤ ከውጭ ያለው ግፊት ከከተማው ውኃ ሲበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋል። በ1982 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በኮኔቲከት ግዛት በምትገኝ አንዲት ከተማ፣ 30,000 ጋሎን የሚይዝ የፕሮፔን ጋዝ ታንከር ለጥገና ባዶ እየተደረገ ነበር። የቀረውን ጋዝ ለማስወጣት ሠራተኞቹ በግቢው ካለው ሃይድራንት ውኃ አገናኙ። በታንከሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ85 እስከ 90 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን፣ የውኃው ግን ከ65 እስከ 70 ነበር። ውኃው ወደ ታንከሩ መግባቱ ቀርቶ ጋዙ ወደ ከተማው መስመር ገባ፤ ስምንት ኢንች ስፋት ያለውን ቧንቧ አንድ ማይል ያህል ሊሞላ የሚችል ጋዝ ነበር። ሰዎች ከመታጠቢያቸውና ከልብስ ማጠቢያ መኪናቸው የፉጨትና የመንተክተክ ድምፅ ሰሙ። ከመጸዳጃ በወጣ ጋዝ አንድ ቤት ተቃጠለ፤ በሌላ ቤት የልብስ ማጠቢያው ፈንድቶ አንዲት ሴት ከግድግዳ ጋር አላተማት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። የሚቃጠለውን ቤት ለማዳን የሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና ውኃ የሚቀዳው ከዚያው መስመር መሆኑን ሳስብ፣ የፊላደልፊያው ቁጠባ ዋጋ ፍንትው ብሎ ይታየኛል።

እሳት አጥፊዎቹ ራሳቸውም ባለማወቅ ይህን ያደርጋሉ። በ1997 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና ሻርሎት ከተማ አንድ የእሳት አደጋ መኪና ፓምፑ ገና እየሠራ ሳለ የሃይድራንቱ ቫልቭ ተዘጋ። 60 ጋሎን ገደማ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ወደ ከተማው መስመር ተመለሰ። 29,000 ሰዎች ውኃውን እንዳይጠጡና ገላቸውን እንዳይታጠቡበት ተነገራቸው። በሁለት እጅ እንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ስሕተት ብቻ።

የዕቃው አሠራርም የራሱ ጉዳይ አለው። በብርድ አገር ሃይድራንቱ ውስጥ የቀረ ውኃ በክረምት በርዶ ብረቱን እንዳይሰነጥቀው፣ ዋናው ቫልቭ ከመሬት በታች ይደረጋል፤ ሲዘጋም በግንዱ ውስጥ የቀረው ውኃ ከሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፈሩ ይፈሳል። ውኃ የሚወጣባት ቀዳዳ ግን ውኃ የሚገባባት ቀዳዳም ናት። አፈሩ በፍሳሽ የራሰ ወይም የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ያለ ከሆነ፣ የሃይድራንቱ ግንድ ከውጭ ይሞላል። ለዚህ ነው የአሜሪካ መመሪያዎች ይህች ቀዳዳ ከፍሳሽ መስመር ቢያንስ 10 ጫማ፣ ሦስት ሜትር ያህል እንድትርቅ የሚያዝዙት፤ የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ በሆነበትም ቦታ ቀዳዳዋ ትደፈንና ውኃው በፓምፕ ይወጣል።

ሁለቱን ውኃዎች መለየት አይቻልም ነበርን? ይቻላል፤ ሳን ፍራንሲስኮ አድርጋዋለች። በ1906 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጡ የውኃ መስመሮቿ ተሰባብረው ከተማዋ በእሳት ከጠፋች በኋላ፣ ለእሳት ብቻ የሚያገለግል ከፍተኛ ግፊት ያለው የተለየ መስመር ከነሃይድራንቶቹ ዘረጋች። አስፈላጊ ሲሆን ከባሕሩ ጨው ውኃ መቀበል ይችላል፤ ማንም ስለማይጠጣው አይጨነቁም። ነገር ግን ለዚህ ውሳኔ ከተማዋ መጀመሪያ መቃጠል ነበረባት። ድኻ ከተማ ሁለት መስመር እንድትዘረጋ መምከር ለእኔ ተገቢ አይመስለኝም፤ አንዱን መስመር መጠበቅ ይቀድማል።

ጥበቃው ምንድን ነው? ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥርዓት ነው፦ ሃይድራንትን ያለ ፈቃድ አለመክፈት፣ ለግንባታ ውኃ ለሚወስድ ሰው ቆጣሪና መመለሻ መከልከያ ቫልቭ አብሮ መስጠት፣ የእሳት አደጋው ክፍል ሃይድራንት በከፈተ ቁጥር ለውኃ አገልግሎቱ ማስታወቅ፣ ቫልቭንም በዝግታ መክፈትና መዝጋት። ሁለተኛው ከሁሉ የሚያረካኝ ነው፤ የአየር ክፍተት ይባላል። ውኃ የሚሰጠው ቧንቧ አፍና የሚቀበለው ዕቃ የውኃ ጠርዝ እንዳይነካኩ፣ በመካከላቸው ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ መተው ነው። ስፕሪንግ የለውም፤ አይዝግም፤ አይሰበርም። ቧንቧው ቢስብ የሚስበው አየር ብቻ ነው። በየጣሪያችን ላይ ያለው ሮቶ ተንሳፋፊ ኳሱ ከላይ ሆኖ ውኃው ከበላዩ ሲወርድ ይህንኑ ሕግ ይፈጽማል፤ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ተጠብቀንበታል።

ከመስከረም 2001 ዓ.ም. ጥቃት በኋላ በአሜሪካ ስለ ሃይድራንት የሚነገረው ነገር ተለወጠ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የባዮ ሽብር ሕግ ከ3,300 በላይ ሰው የሚያገለግሉ የውኃ ድርጅቶች ሁሉ ተጋላጭነታቸውን እንዲመረምሩ አስገደደ፤ ሃይድራንትን የሚቆልፉ መሣሪያዎችም ትኩረት አገኙ። ፍርሃቱን አልንቅም። ሆኖም ዛሬ በጠቀስኋቸው ታሪኮች ውስጥ ቧንቧውን የበከለው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቤት ሊያድን የሚሮጥ፣ ታንከር ሊያጸዳ የሚደክም፣ ፓምፑን ለማጥፋት የቸኮለ ሰው ነው። ለሽብር የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ሰውም መከላከያ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ትኩረቱ ግን በቁልፉ ላይ ብቻ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

ወደ አገራችን ልመለስ። በዉስተር የኋሊት ምጠት እንዲፈጠር የቤት መቃጠል አስፈልጎ ነበር። ውኃ በፈረቃ በሚከፋፈልበት ከተማ ግን እሳት አያስፈልግም፤ ፈረቃው ራሱ በየሳምንቱ መስመሩን ባዶ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ከመስመሩ በቀጥታ በፓምፕ የሚስብ ጎረቤት ሲጨመር፣ መስመሩ በተሰነጠቀበት ሁሉ የአካባቢውን አፈርና ፍሳሽ ይጠጣል። ውኃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ እናቶቻችን የሚደፉት በከንቱ አልነበረም። ከዚህም ሌላ ሃይድራንት በእኛ ከተሞች ከእሳት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ቦቴ ለመሙላት ነው፤ አንዱ ለግንባታ፣ አንዱ ለአቧራ ማጥፊያ፣ አንዱ ደግሞ ለሚጠጣ ሕዝብ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሟን በማልጠቅሳት ከተማ፣ አንድ ቦቴ ከሃይድራንት ሲሞላ ቆሜ አየሁ። የቱቦው ጫፍ በቦቴው ክዳን ገብቶ እስከ ወለሉ ድረስ ተነክሯል። ሾፌሩ ወጣት ነው። ቦቴው ከዚህ በፊት ምን ይጭን እንደ ነበር ጠየቅሁት፤ «ኧረ ብዙ ነገር ጭኗል ጋሼ፤ ግን እናጥበዋለን» አለኝ። ቱቦውን ለምን እስከ ታች እንደሚያስገባው ስጠይቀው ደግሞ በጣም ምክንያታዊ መልስ ሰጠኝ፦ «ከላይ ከያዝሁት ይረጫል፤ ውኃው ይባክናል። ሕዝቡ ውኃ አጥቶ እኔ መንገድ ላይ ላፍስስ?»

የሆሊ ክሮስን ታሪክ ነገርሁት። እንደዛሬው ሳላራዝም፤ ስለ እሳቱ፣ ስለ ልጆቹ ጉድጓድ፣ ስለ ተጫዋቾቹ። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ አሁን ውኃው ቢሄድ ይኼ የኔው ቦቴ ወደ ከተማው ይገባል ነው የሚሉኝ?» አለ። አዎን አልሁት። መሰላሉን ወጣና ቱቦውን ከክዳኑ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ በሽቦ አሰረው። ውኃው እንዳለውም ተረጨ፤ የሁለታችንም ጫማ ራሰ።